ከፍ ካላደረጉት የማይዘጋ በር

ኅዳር 3 ቀን 1977

... ከዚያ የመኪናዋን በር በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ገፋው። «እንዲህ ካላነሣኸው አይዘጋም። ይህን የምናውቅ እኔና ወርቅውሃ ነን፤ አሁን አንተ ሦስተኛ ሆንህ» አለኝ አንዳርጌ። ከዚያስ? ቁልፉን ሰጠኝ። ማተቤን ጨብጬ ማልሁለት። መኪናዋ ከዚህች ቦታ አትነቃነቅም ብዬ...

ቤንዚን አልቆባት ከበራችን ፊት፣ ከኒም ዛፏ ሥር ቆመች። አንዳርጌ መተማ ላይ ለመሥሪያ ቤት የሚነዳት ላንድሮቨር ነበረች፤ ይዟት ወደ ሱዳን ተሻገረ። ሚስቱን ወርቅውሃንና ሕፃን ልጁን ሊያመጣ በእግሩ ተመለሰ። መንገድ ላይ ቢተላለፉስ? አስቀድሞ ልኮባታል፤ ገዳሪፍ ስትገቢ መኪናዋን ፈልጊ፣ እዚያው አስናቀው አለ ብሎ። እኔን አይታኝ አታውቅም። መኪናዋን ግን ታውቃለች።

በሰባት ቀን እመለሳለሁ ነበር ያለኝ። ዛሬ ሃያ ሁለተኛው ነው።

ሱቅ ዋልሁ። ጨርቅ ለካሁ። ሌላ ምንም።

ኅዳር 6

የሰፈሩ ኃላፊ ኸሊል ከአንድ ፖሊስ ጋር መጣ። የውኃ ጋሪዎች ማለፊያ አጡ፣ አህያ ከመኪናዋ ጋር ተላተመ፣ ሰው ተማርሯል። ያቆማት ሐበሻ ነው አሉ፤ ታውቀዋለህ?

ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የለኝም። መኪናዋ ደግሞ የኮበለለች ናት። አውቀዋለሁ ብል ቀጥሎ የሚጠየቀው አንተስ ማን ነህ ነው።

«አላውቀውም» አልሁ በአረብኛ። አረብኛዬ እንደ ዛሬ ቀንቶኝ አያውቅም።

ኅዳር 7

ቁልፉ ትራሴ ውስጥ ነው። ማተቤ አንገቴን ይከረክረኛል። ክሩ ያው ክር ነው... ታዲያ ምን ሆነ?

ኅዳር 10

ኸሊል በአማርኛ ማስታወቂያ እንድጽፍለት ጠየቀኝ። ሰፈሩ ውስጥ ከኔ በቀር የሚጽፍ የለም። «የዚህች መኪና ባለቤት በሦስት ቀን ውስጥ ካልቀረበ...» ቀጥ ባለ መስመር ጻፍሁት። አራት ነጥቡን ሳይቀር አሳምሬ።

የሱቁ ባለቤት ሙዘይን መስተዋቷ ላይ ተለጥፎ አየው። «ጽሕፈትህ መቸም ያምራል። ባለቤቱ ባይመጣ መኪናዋ ታነበዋለች» አለ። ሳቅሁ። ለምን ሳቅሁ?

ኅዳር 13

በሰሊጥ እርሻ ትራክተር ጎትተው ከወፍጮው ጀርባ ጣሏት። ከኋላ ከገፉት አንዱ እኔ ነኝ። እጄን ካልሰጠሁ ይጠረጥሩኛል ብዬ።

ስትንቀሳቀስ በሩ ተበረገደ። አንዱ በርግጫ፣ አንዱ በትከሻው ታገለው። እምቢ አለ። ሳላስበው ቀረብሁ፤ ከፍ አድርጌ ገፋሁት። ተዘጋ።

ቀና ስል አከራዬ ሐጃ ዘሐራ ከደጃፏ ታየኛለች። 

ኅዳር 15

ማታ ራት ሳቀርብ ሐጃ ብቅ አለች። «ዛሬ አንዲት ሴት መጥታ ነበር» አለችኝ። «ልጅ አዝላ። እግሯ ቆስሏል። ከንግግሯ መኪና የሚለው ብቻ ገባኝ፤ ሄዳለች ብዬ ዘይት የፈሰሰበትን መሬት አሳየኋት። ውኃ ሰጠኋት፤ ለልጁ አጠጣችና ሄደች።»

«ወዴት?»

«ሰዉ ወደሚሄድበት ነዋ።»

ጉርሻውን ትሪው ላይ ጣልሁ። ከከተማው ዳር ለስደተኛው ሸራ ወደተወጠረበት ሜዳ ሮጥሁ። ስንት ሺህ ሰው ነው? ወርቅውሃ እያልሁ ተጣራሁ። ሦስት ሴቶች አቤት አሉ። አንዷም እሷ አይደለችም።

ኅዳር 16

አሁንም ሜዳው። የለችም። ሌሊት የሞቱትን ጠዋት በጨርቅ ጠቅልለው ይደረድሯቸዋል። ትንንሾቹን አልቆጠርሁም። አላየሁም ልበል?

ኅዳር 17

ለሐጃ ነገርኋት። ሁሉንም። ማተቤን፣ ቁልፉን፣ ማስታወቂያውን።

«በሩን ስትዘጋ አውቄአለሁ፣ ያ ወለዲ፣ ልጄ» አለች። «ራስህ እስክትናገር ነው የጠበቅሁ።»

ባወቅሽ ጊዜ ለምን አልተናገርሽም ልላት አፌን ከፈትሁ። መልሼ ዘጋሁት። እሷ አልማለችም። የማልሁ እኔ ነኝ።

ሻርፏን ተከናንባ ኸሊል ዘንድ አብራኝ ሄደች። አውቀዋለሁ አልሁ። ስሜን መዝገብ ላይ ጻፈ። በየሳምንቱ እሑድ ፖሊስ ጣቢያ እየቀረብሁ እፈርማለሁ። ይኸው ነው? ይህን ብቻ ነበር የፈራሁት?

ኅዳር 20

መኪናዋ ተመለሰች። ሙዘይን፣ ሐጃ፣ የውኃ ጋሪ ነጂዎቹ ሳይቀሩ ገፉልኝ። ለጋሪ እንዲመች ከግንቡ ጋር አስጠጋናት። ይህን ያህል ቀላል ነበር። ማስታወቂያዬን ከመስተዋቱ ላይ በጥፍሬ ፋቅሁት። «ባለቤት» የሚለው ቃል አልለቅ ብሎ ቀረ።

ኅዳር 26

ማንም።

ታኅሣሥ 4

ከሱቅ ስመለስ ኒሟ ሥር አንዲት ሴት ቆማለች። መዳፏ መኪናዋ ላይ ነው። የተረጋጋ ከብት እንደምትዳብስ።

አንቀልባው ጀርባዋ ላይ ታስሯል። ጠፍጣፋ ነው።

አስናቀው ነኝ አልኋት። አንገቴ ላይ ክሩን አየች፣ ከዚያ ፊቴን።

«ያን ዕለት የት ነበረች?» አለች።

ያዘጋጀሁት መልስ ነበረኝ። ስንት ቀን ሙሉ ያዘጋጀሁት። ተውሁት። አንዳርጌ አብሯት የለም፤ ስለ እሱም አልጠየቅኋትም። ቁልፉን ዘረጋሁላት። ተቀበለችኝ።

መሪው ፊት ገብታ ተቀመጠች። አንቀልባውን ፈታ አጣጠፈችና ጭኗ ላይ አኖረችው። ሐጃ ውኃ ይዛ ወጣች፤ መሐል መንገድ ላይ ቆማ ቀረች።

ወርቅውሃ እጇን ዘረጋች። በሩን ከውስጥ ከፍ አድርጋ ሳበችው።

ተዘጋ።