የተቆረጠው ላስቲክ

ውድ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? የዚያ ቦታ አየር እንዴት ተቀበለሽ? ሳሉስ ተወሽ ወይስ የድንጋዩ አቧራ አባሰብሽ? እኛ እንዳለን አለን። የእማዬ ጉልበት ሲለው ይይዛታል፣ ሲለው ይለቃታል። ቀሚሷን ጀምረሽላት የሄድሽው ጎረቤታችን በር ላይ ባገኘችኝ ቁጥር "ቀሚሴ በአንድ እጅጌ ቀረ" ትለኛለች። ትስቃለች፤ ሳቋ ሳያልቅ ደግሞ ዓይኗን ትጠርጋለች። የስፌት ሱቅሽን ፀጉር አስተካካይ ተከራይቶታል። ግድግዳው ላይ በጠመኔ የጻፍሽውን የደንበኞችሽን ልክ እስካሁን አልፋቀውም። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

እንደ ወጉ "ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ" ማለት ነበረብኝ። ብዕሬ እምቢ አለኝ።

ደውሎ አይጠይቀኝም ብለሽ ተቀይመሽ ይሆናል። ስደውል የሚያነሳው ባልሽ ነው። አንዴ ተኝታለች፣ አንዴ ወጣ ብላለች፣ አንዴ እጇ ሥራ ይዟል ይለኛል። ድምፁ ማር ነው። እማዬን ሳይቀር በስሟ ጠርቶ፣ ጉልበቷን ጠይቆ፣ መርቆ ነው የሚዘጋው። ስለዚህ በወረቀት መጣሁ። ይሄን የሚሰጥሽ ውሃ የሚያመላልስላችሁ የቦቴው ሾፌር ነው። ደንበኛዬ ነው፤ ወሬ ሲይዝ ማቆሚያ ፍሬን የለውም፣ ለቁም ነገር ግን የታመነ ሰው ነው። ከእጅሽ ሌላ ለማንም እንዳይሰጥ አደራ ብዬዋለሁ። አንብበሽ ስትጨርሺ እሳት ውስጥ ጨምሪው።

ልነግርሽ የምፈልገው መኪናውን ስለሠራሁበት ቀን ነው።

ባልሽ ያመጣው ዘይት እንድቀይርለት ብቻ ነበር። ወደ ድንጋይ ካባው በቀያሽነት መዛወሩን፣ አንቺንም ይዞሽ እንደሚሄድ ነግሮን ጨርሷል። የቀረው መንገዱ ብቻ ነው። በአራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና ስለሆነ ለዚያ ገደል ሁነኛ ነው እያለ፣ ፈረስ እንደሚሸጥ ሰው ኮፈኑን መታ መታ አደረገው። እኔም ልማድ ሆኖብኝ መሪውን ጠምዝዤ ከፊት ጎማው ጀርባ አጎነበስኩ። የጎማው የውስጥ ጎን እንዳለ ግራሶ ተረጭቶበት ጠቁሯል።

ነገሩን አንቺ ታውቂዋለሽ። ጋራዥ በጀመርኩ ሰሞን ምሳ ይዘሽልኝ ስትመጪ፣ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠሽ ያልጠየቅሽኝ ነገር አልነበረም። ጎማውን የሚያዞረው ብረት መታጠፊያው ላይ እንደ አኮርዲዮን የተሸበሸበ ላስቲክ ይለብሳል፣ ግራሶውን አፍኖ የሚይዘው፣ አሸዋውን የሚከለክለው እሱ ነው ስልሽ፣ "እንግዲያው ቀሚሱ ነዋ" ብለሽ አሳቅሽኝ። እሱ ከተቀደደ መኪናው ሩቅ አይሄድም ያልኩሽም እኔው ነኝ።

ክሪክ አስገብቼ አነሳሁት፣ ጎማውን አወለቅኩ። ላስቲኩን በጨርቅ ጠረግኩት። ያረጀ ላስቲክ ሲቀደድ እጥፋቱን ተከትሎ ነው የሚሰነጠቀው፤ ጠርዙ ይሻክራል፣ ይተረተራል። ይሄ ግን እጥፋቶቹን አቋርጦ ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ብሎ ወርዷል። መነሻው ላይ አንድ ትንሽ ብጣት አለች፤ መቀሱ እንዳይስት ጨርቁን አስቀድመሽ ጠቅ እንደምታደርጊው ዓይነት። በሌላው ጎን ዞሬ ገባሁ። ያኛውም እንደዚያው ነው። የሥራ ቱታዬን ሁሉ ቆርጠሽ የሰፋሽልኝ አንቺ ነሽ፣ እህቴ። የእጅሽን ሥራ ከየትም ባገኘው አልስተውም።

ከመኪናው ሥር በጀርባዬ እንደተኛሁ ትንሽ ቆየሁ። አንቺ፣ ቀሚስሽን አቧራ ሲነካው የምትናደጂው ልጅ፣ በደረትሽ ተስበሽ እዚያ ሥር ገብተሽ፣ መቀስሽን ግራሶ ውስጥ ነክረሽ ታየሽኝ። ሰው ምን ቢጨንቀው ነው አልኩ።

ባልሽ "ምን አገኘህ?" አለኝ ከላይ። ላስቲኩ ተቀዷል፣ ዛሬ አያልቅም፣ ዕቃም ይፈለጋል አልኩት። የት ይገኛል አለ። አዘግይቼው ቢሆን ይሻል ነበር? አላውቅም። ከገበያ ጠፍቷል ብል ሌላ ጋራዥ ይወስደዋል፤ ሌላው ጋራዥ ደግሞ ያየውን ይነግረዋል። ይሄ ሐሳብ ብቻ ነበር በአእምሮዬ የሚዞረው። ስለዚህ ዕቃውን ራሴ አመጣለሁ፣ ነገ እጨርስልሃለሁ አልኩት።

በማግስቱ ማልዶ መጣና እግሩን አነባብሮ ተቀመጠ። የሚያዞረውን ብረት መዝዤ አወጣሁ፣ መታጠፊያውን በመዶሻ አላቅቄ በቤንዚን አጠብኩት። አሸዋ ገብቶ ነበር፤ ብረቱን ግን ገና አልበላውም። አሮጌዎቹን ላስቲኮች እግሬ ሥር ጥያቸዋለሁ። ጎንበስ ብሎ አንዱን አነሳና ገልበጥ ገልበጥ አደረገው።

"ይሄ የተቀደደ ነው ወይስ የተቆረጠ?" አለኝ።

ድንጋይ ነው አልኩት። የእኛ ሰፈር መንገድ እንደ ምላጭ የተሳለ ድንጋይ ነው ያለው፣ ስንቱን ሠርቻለሁ አልኩ።  ፈገግ አለና ድንጋዩ ሁለቱንም ጎን እንዴት አንድ ዓይነት አድርጎ መታው አለኝ። እጄ ቤንዚን ውስጥ ቀረ።

አጠገቤ ጋሽ ሚዛን ሌላ መኪና እየፈታ ነበር። መቼም ታስታውሺዋለሽ፣ ደህና አደሩ ሲሉት እንኳ መዝኖ የሚመልሰው፣ ውሸት ተናገረ ተብሎ የማይታማው ሽማግሌ። መነጽሩን ከፍ አድርጎ ላስቲኩን ከባልሽ እጅ ተቀበለ። ጣቱን በብጣቷ ላይ አሳለፈ። ከዚያ እኔን አየኝ። ብዙ አላየኝም። የውሸት ዕቃ ነው፣ ፋብሪካው ሲያወጣው ስፌቱ ላይ የደከመ ነው፣ ስለዚህ ሁለቱም በአንድ መስመር ይከፈታሉ፣ በዚህ ወር ብቻ ስንት መኪና መጣልን መሰለህ አለው። ቃል በቃል፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ምስክር። ባልሽ ራሱን ነቀነቀና ላስቲኩን ተቀብሎ መልሶ መሬት ላይ ጣለው። ጋሽ ሚዛን ከሰዓት በኋላ ራሴን አመመኝ ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ።

አሁን የሚከብደኝን ልንገርሽ። መታጠፊያውን አድርቄ አዲሱን ግራሶ በጣቴ ስሞላው፣ እያንዳንዷ የብረት ኳስ ተራዋን ጠብቃ እስክትዋጥ ስጠቀጥቀው፣ በሥራዬ እንደዚያ ቀን ተጠንቅቄ አላውቅም። ላስቲኩን አለበስኩ፣ ማሰሪያውን ሳብኩ፣ መሪውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም እስከ ጥጉ አዞርኩት። ትንሽ ባላላው፣ አንዷን ማሰሪያ ብተዋት መኪናው ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ይቆማል። ግን በዚያ ገደል ላይ ሲቆም ውስጡ ያለሽው አንቺ ነሽ። ስለዚህ አጠበቅኩት። የማትፈልጊው ቦታ በሰላም እንድትደርሺ አድርጌ ሠራሁልሽ። ከዚህ የባሰ ሥራ ሠርቼ አላውቅም፤ ደግሞም ከዚህ የተሻለ።

ባልሽ ለጉዳዩ ሲወጣ፣ መኪናውን ቤታችሁ ድረስ ራሴ ነድቼ ያመጣሁት ሆን ብዬ ነው፤ ብቻሽን ላገኝሽ። አንቺ የልብስ ስፌት መኪናሽን በብርድ ልብስ እየጠቀለልሽ ነበር። ያን ቀን ከሙቀቱ የተነሳ ግንቡን ሁሉ ያልበው ነበር፤ አንቺ ግን እጅጌሽ እስከ ጣትሽ ወርዷል። ተጠገነ ወይ አልሽኝ። ተጠገነ አልኩሽ። "እሺ" ብለሽ ገመዱን ቋጠርሽው። ስትቋጥሪ እጅጌሽ ሸሸት አለና የእጅሽን አንጓ አየሁት። ምን ነካሽ ብልሽ መርፌ ወጋኝ አልሽ። መርፌ እንደዚያ ዙሪያውን አያጠቁርም፣ እህቴ። ልናገር አፌን ስከፍት እሱ ሻንጣ ይዞ ገባ፣ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፣ ወንድም እንዳንተ ነው አለ።

በማግስቱ ሸኘናችሁ። እማዬ ስትስምሽ በጆሮሽ ያለችሽን ሰምቻለሁ። ትዳር ነው፣ ቻይው ነው ያለችሽ። ቂም አትያዢባት፤ ምክንያቱን ዝቅ ብዬ እነግርሻለሁ።

መኪናው ከዓይናችን ከጠፋ በኋላ ጋራዥ ገባሁ። እነዚያን ላስቲኮች ላቃጥላቸው ነበር ሐሳቤ። አንዱን አገኘሁት። ሌላው የለም። ወለሉን ጠረግኩ፣ የቆሻሻውን በርሜል ገለበጥኩ፣ የዕቃ መደርደሪያውን ሥር በባትሪ አየሁ። የለም። ጋሽ ሚዛን አልነካሁም አለኝ። እዚያ ቦታ ላይ ከእኛ ሌላ የነበረው ሰው አንድ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ እህል አይወርድልኝም። የሰው መኪና ሥር ገብቼ ምን ልሠራ እንደገባሁ እረሳለሁ። በየስልኩ "ተኝታለች" ሲለኝ፣ ከቃሉ ይልቅ ከጀርባው ያለውን ጸጥታ ነው የማዳምጠው። የቦቴው ሾፌር ባለፈው ሲመለስ፣ እህቴ መሆንሽን ገና ሳያውቅ፣ እየሳቀ ወሬ ሲያወራልኝ፣ የቀያሹ ሚስት ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ሰላምታ እንኳ አትመልስም፣ ኩራተኛ ናት፣ ፊቷንም እስከ አፍንጫዋ በሻርፕ ትሸፍናለች አለኝ። አቧራው ነዋ አልኩት። አዎ አቧራው ክፉ ነው አለኝ። ሌሎቹ ሴቶች ይሸፈናሉ ወይ ብዬ ስጠይቀው ግን ሳቁን አቆመ።

ያን ዕለት ማታ ለእማዬ ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ላስቲኩም፣ ስለ አንጓሽም፣ ስለ ሻርፑም። ጥቅሻና አሽሙር አልፈለግኩም፤ እንዳለ ዘረገፍኩላት። ምስር እየለቀመች ነበር። ትቆጣኛለች፣ የሰው ትዳር አታፍርስ ትለኛለች ብዬ ነበር። ትሪውን ከጭኗ አውርዳ መሬት ላይ አኖረችው።

"ሂድና አምጣት" አለች። "እኔ የቻልኩት የሚያመጣኝ ሰው ስለሌለኝ ነው።"

ሌላ አልጨመረችም፤ እኔም አልጠየቅኳት። ግን አባታችን በሕይወት ሳለ በጠራራ ፀሐይ ሹራብ ትለብስ እንደነበር፣ ብርድ አይለቀኝም ትለን እንደነበር ትዝ አለኝ። አንቺ ሕፃን ነበርሽ። ሹራቡን ያወለቀችው እሱን በቀበርን በዓመቱ ነው፤ እኔም ሐዘኑ ሲወጣላት ብርዱም ለቀቃት ብዬ ነበር።

እና አሁን የምልሽን ልብ ብለሽ አንብቢ። ቦቴው ከዚህ ደብዳቤ በኋላ ደግሞ ሲመጣ ከሾፌሩ ጎን የምቀመጠው እኔ ነኝ። ቱታ ለብሼ፣ ፊቴን ዘይት ቀብቼ፣ የቦቴው መካኒክ ነኝ ብዬ ነው የምመጣው፤ መካኒክነቱስ ውሸት አይደለም። ሾፌሩ የሚያውቀው እህቴን ልጠይቅ ነው ማለቴን ብቻ ነው፤ ለመንገዱ ይሄ ይበቃዋል። ባልሽ በሥራ ሰዓት ካባው ላይ እንደሚሆን ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ቀድሞ ቢመጣም ይምጣ። እኔም እጅ አለኝ፤ ግን ለጠብ አይደለም፣ አንቺን ይዤ ለመመለስ ነው የምመጣው።

ሻንጣ እንዳታዘጋጂ። ልብስ እንዳታጥፊ። የስፌት መኪናሽንም እርሺው፤ ብረት ነው፣ ሌላ እንገዛለን። ማንንም እንዳትሰናበቺ፣ ለጎረቤት ሴት እንኳ። ላስቲኩን ምን አድርጎት እንደሆነ፣ አሳይቶሽ ይሁን፣ ምን ብሎሽ ይሁን አልጠይቅሽም። የምትነግሪኝ ስትፈልጊ ነው፤ ካልፈለግሽም አትነግሪኝም። እማዬ ክፍልሽን ጠርጋ ፍራሹን ፀሐይ ላይ አስጥታዋለች፣ ሰው ሲጠይቃት ትኋን ገባበት ትላለች።

ፈጣሪ እስክንገናኝ በክንፉ ሥር ይሰውርሽ። ከክፉ ሰዓት ይጋርድሽ። ሳልሽን ይማርልሽ። እማዬ በሁለት እጇ ጉንጭሽን ይዛ ስማሻለች። ጋሽ ሚዛንም ሰላም በልልኝ ብሎኛል፤ ደብዳቤ እየጻፍኩ መሆኔን ሳልነግረው።

የቦቴው ጥሩምባ ሲጮህ እንደ ሌላው ቀን ውሃ ልትቀጂ የምትወጪ ሆነሽ ነይ። በሩን ገርበብ አድርጊው። ጀሪካኑን ከጎማው አጠገብ አስቀምጪና ወደ ማዶ ዙሪ፤ በቦቴው በዚያኛው በር በኩል እጄን ዘርግቼልሻለሁ። ጀሪካኑ እዚያው ይቅር።

ወንድምሽ