ወደ አሚና ቤት የምታሻግረው በር

ይህን ያመጣብኝ ልጅሽ ጀይላን ነው፤ ሌላ ሰው አልወቅስም። ሰላምታው ሳያለሳልሰኝ ብዬ አስቀድሜ ጻፍኩት።

እህቴ ሳዳ፣ አሰላሙ ዐለይኩም። የጅዳ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ጉልበትሽስ? የባልሽ የዑስማን ሳል ተሻለው? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ በአካል ደህና ነኝ፤ እንቅልፍ ግን አጥቻለሁ።

አሳድጊልኝ ያልሽኝ ልጅሽ ተምሮ ሲመጣ ሥራው የከተማውን ቤቶች ኮምፒዩተር ውስጥ ማስገባት ሆነ። አንድ ቀን ላፕቶፑን ከፍቶ አሳየኝ። እያንዳንዱ ክፍል ክብ ነው፤ ክቦቹን የሚያገናኘው መስመር በር ነው። ከዚያ ንድፍ የሚለው ነገር አለ፤ ሁለት ክፍሎች በውስጥ በር ከተገናኙ አንድ ቤት አድርጋቸው የሚል። ማሽኑ ይህን የሚመስል ባገኘ ቁጥር ያዋህዳል፤ የሚመስል እስኪያጣ ድረስም አይቆምም። አክስቴ፣ አንዴ በደንብ የተሠራ ንድፍ ለየትኛውም ከተማ ይሆናል፣ በየቦታው እንደ አዲስ መልፋት ቀረ አለኝ። እኔም ሞኟ ኮራሁበት።

ንድፉን የሠራው ከጀጎል ግንብ ውጭ ላሉት አዳዲስ ሰፈሮች ነበር። እዚያ በውስጥ በር የሚገናኝ ክፍል ሁሉ የአንድ ሰው ነው። ጀጎል ውስጥ ግን እንደዚያ እንዳልሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። እናታችንና የጎረቤታችን የአሚና እናት ዝናብ ሳይመታቸው ሊጠያየቁ ያስከፈቷትን በር ማሽኑ አየና የሁለታችንን ቤት አንድ አደረገው። የአሚና ክፍሎች ስለሚበዙ ቤቱ በእሷ ስም ሆነ። እኔ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ቤት የለኝም።

ጀይላን ደነገጠ አልልሽም። ንድፉ ልክ ነው፣ የጎደለው የየራሳቸው የውጭ በር ካላቸው አትንካቸው የሚል ክልከላ ነው አለ። ነገር ግን ሌሎች ከተሞችም እየሠሩበት ስለሆነ አለቆቹ ሳይፈቅዱ አይለወጥም። ከዚሁ የሚወጣው የቤቶች ካርታ ደግሞ ከረመዳን በፊት ይታተማል።

ለአሚና ብነግራት ሳቀች። በይ ተከራይዬ፣ ኪራዩን በበርበሬ ትከፍዪኛለሽ አለችኝ። ድሮ ቢሆን መልሼ እሰድባት ነበር፤ አሁን ሳቋ አስፈራኝ። በማግስቱ ልጇ ዩሱፍ ግድግዳዬን በጣቱ መታ መታ ሲያደርግ አገኘሁት። ምን ፈለግህ ብለው፣ እርጥበት ገብቶ እንደሆነ ብዬ ነው አለ። እውነቱን ይሆናል። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ በግድግዳው በኩል ሳል እንኳ ስሰማ ልቤ ይመታል። ነገ እሷ ብትሞት፣ ልጇ ካርታውን ይዞ ቢመጣ፣ ማን ይመሰክርልኛል?

ጀይላን አንድ መላ አለው። መዝጋቢዎቹ ሰኞ ተመልሰው ያያሉ፤ በሩ ከሌለ መስመሩም አይኖርም፣ ድፈኚው አለኝ። ንድፉን ማስተካከል አቅቶት የእናቴን በር አስደፈነኝ። ዛሬ ድንጋይና ጭቃ አስመጥቼ በገዛ እጄ ደፈንኩት። አሚና ከወዲያ ሆና ስታዳምጥ ቆየች። የመጨረሻውን ድንጋይ ሳነሳ፣ ወንፊትሽ እኔ ጋ ነው፣ ከእንግዲህ በየት ላቀብልሽ አለችኝ። ድንጋዩን አስገባሁት።

ለዑስማን ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ማር በሎሚ ይጠጣ። ትንሿን ነፊሳን ጉንጯን ሳሚልኝ። ለጀይላን ደውለሽ አንቺው ተቆጪው፤ እኔን አይሰማኝም። ወንፊቱ እዚያው ይቅር። ቡና ስቆላ ግድግዳውን አንኳኩቼ አሚናን መጥራት ከዛሬ ወዲያ ትቻለሁ።

እህትሽ ረሂማ
ሐረር፣ ኤረር በር፣ መጋቢት 2009 ዓ.ም.