ሦስት ቀን የተጠመደው ኮምፒውተር

ውድ ዙቤይዳ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ይህን ደብዳቤ ለዑምራ የሚመጡት ሼህ ዓብዱልመጂድ በእጃቸው ያደርሱልሻል። በስልክ ልነግርሽ ስንት ጊዜ ሞክሬ፣ ስንት ጊዜ ስለ ዝናቡ ብቻ አውርቼ ዘጋሁት። ባለፈው በድምፅ መልእክት «ረቢአ፣ ማንም የማይፈልገውን አሮጌ ኮምፒውተር ልትገዢ ነው አሉ። ለመሆኑ ምን ይጠቅምሻል?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ገዝተነዋል። ይህንንም የምጽፍልሽ በእሱ ነው። እና ዙቤይዳዬ፣ ጅዳ አልመጣም።

ኡፍ! ይኸው ተነፈስኩ። አሁን እየሰደብሽኝም ቢሆን ቀሪውን አንብቢልኝ።

ቃላችንን አልረሳሁም። አንቺ ቀድመሽ ልትሄጂ፣ እኔ በዓመቱ ልከተልሽ ተማምለናል። ፓስፖርቴ ወጥቶ ደላላው በየቀኑ ይደውልልኝ ነበር። ያን ሰሞን ነው አባቴ ከገበያ ወሬ ይዞ የመጣው። መናኸሪያው አጠገብ ጌም ቤት የነበረው ቃሲም ወደ ኮምቦልቻ ሊዛወር ስለሆነ ኮምፒውተሩን ከነማተሚያው ይሸጣል። አባቴም «ጽሕፈት ተምረሽ የለ? መሥሪያ ቤቶቹ ፊት ለፊት ቁጭ ብለሽ ለሰው ማመልከቻ ጻፊ» አለኝ።

አባቴን ታውቂዋለሽ። ዕድሜውን ሙሉ ጨፋ ሮቢት ከብት ገበያ ሲገዛ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው፤ ሌላ ዓይነት ግዢ አያውቅም። ኮምፒውተሩን በግራም በቀኝም ዞሮ አየው፤ ጎኑን በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

«ዕድሜው ስንት ነው?»

«አሥራ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው» አለ ቃሲም።

«በሬ ቢሆን ይኼኔ ቆዳው መስገጃ ሆኗል።»

«አባ ሙሄ፣ ወላሂ አልዋሽዎትም። ኢንተርኔት ላይ ያዘግማል። ቪዲዮ አይችልም። ባትሪ ስለሌለው መብራት ሲሄድ እሱም ድርግም ይላል። ለጽሑፍ ግን የሚያህለው የለም።»

«እንግዲያው ሦስት ቀን ጠምጄ ልየው።»

«ኧረ ይሄ እኮ በሬ አይደለም!»

«ሥራ ይሠራል አላልክም?»

«ይሠራል።»

«የሚሠራ ነገር ሳይጠመድ አይገዛም» አለው አባቴ።

ቃሲም ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ፈቀደ። አባቴ ስክሪኑን በጋቢ ጠቅልሎ እንደ ጨቅላ አቅፎት ባጃጅ ውስጥ ሲገባ ብታዪው ኖሮ በሳቅ ትሞቺ ነበር። መንገድ ላይ ግን እንዲህ አለኝ፦ «ሦስት ቀን ከሠራ ትቀሪያለሽ። ካልሠራ አልይዝሽም፤ መርቄ እሸኝሻለሁ።» ተስማማሁ።

አሁን ለማንም ያልተናገርኩትን ልንገርሽ። የመጀመሪያውን ቀን እንዳይሠራ ዱዓ አድርጌያለሁ። ላንቺ የማልኩት ከብዶኝ ነው። ዱዓዬም የደረሰ መሰለ፤ ከሰዓት በኋላ ድርቅ ብሎ ቀረ። አባቴ አጠገቡ ተቀምጦ «ተኛ?» አለኝ። «ተኛ» አልኩት። ላጠፋው እጄን ስሰነዝር «ተይው አትምቺው፣ ይረፍ» ብሎ ተቆጣኝ። ተነሥቶ ውሃ ሊያመጣለት ነው ብዬ ፈርቼ ነበር!

በሁለተኛው ቀን አንድ ጎረቤታችን በመሬት ጉዳይ አቤቱታ አስጻፈኝ። አንድ ሙሉ ገጽ ጨርሼ ልክ ላትም ስል መብራት ሄደ። አላስቀመጥኩትም ነበር፤ ሁሉም ጠፋ። አባቴ ወጥቶ ደጃፉ ላይ ተቀመጠና መቁጠሪያውን መቁጠር ጀመረ። ጀርባውን አየሁት፤ እንዴት እንደ ከሳ ያን ዕለት ነው ያስተዋልኩት። ጠፋብኝ ያልኩት ገጹን ነበር፣ ያለቀስኩት ግን ለእሱ ነው። መብራት ሲመጣ አቤቱታውን እንደገና ጻፍኩት፤ በየመስመሩም ማስቀመጥ ለመድኩ።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ እናትሽ መጡ። ወሬውን ሰምተው ነው። በሩ ላይ ቆመው «ይሄ ነገር በኦሮምኛም ይጽፋል?» አሉኝ። ይጽፋል ስላቸው ገብተው ተቀመጡና ለዙቤይዳ ጻፊልኝ አሉ።

«በየሳምንቱ ትደዋወሉ የለም እንዴ?»

«በስልክማ እሷም ደህና ነኝ ትላለች፣ እኔም ደህና ነኝ እላለሁ። ሁለታችንም ውሸታም ነን» ብለው ሳቁ።

እሳቸው እየነገሩኝ እኔ ጻፍኩ። ስለ ላሚቱ፣ ስለ ማሽላው፣ ስለ ጉልበታቸው፤ አልደግምልሽም፣ ራስሽ ታነቢዋለሽ። መጨረሻ ላይ «ኮቱ በያት፣ ነይ በያት» አሉኝ። ጻፍኩ። ትንሽ አሰቡና «ተይ አጥፊው፣ ልጄ ትጨነቃለች» አሉ። ሳጠፋው ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ ነበር።

«ምልክቱም አይቀርም?»

«አይቀርም።»

«ታዲያ መልሰሽ ጻፊው» አሉና እንደገና ሳቁ፤ ሻሻቸውንም ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። እንዲህ እያልን ብዙ ቆየን። በመጨረሻ «እንዳለ ይውጣ» ብለው ተነሡ። ወረቀቱ ከማተሚያው እየተንቋቋ ሲወጣ አባቴ ከደጅ ዘሎ ገብቶ «አልሐምዱሊላህ፣ አረሰ! አረሰ!» እያለ ጮኸ። ሰፈሩ በሙሉ ምን ተፈጠረ ብሎ ተሰበሰበ። እኔም እናትሽን አቅፌ ስቄ ስቄ መቆም አቃተኝ። ደላላውን ያኔውኑ ደውዬ አሰናበትኩት።

አሮጌ ኮምፒውተር ይጠቅማል ወይ ላልሽኝ፣ ፊልም ልታዪበት ከሆነ ይቅርብሽ። አሁን ግን የጨፋ ገበሬ ማመልከቻውን በአማርኛም በኦሮምኛም እኔ ጋ ያስጽፋል፤ ሙሽሮችም የሠርግ ጥሪያቸውን ይዘው ይሰለፋሉ። አንዳንድ ቀን እጅ ያጥረኛል። ደስ ብሎኛል ዙቤይዳ፤ ይህን ላንቺ መጻፍ ነው የከበደኝ። ቃሌን አፍርሻለሁና አፉ በይኝ። ስልክም ደውለሽ እስኪወጣልሽ ጩኺብኝ፣ አልዘጋውም።

የእናትሽ ደብዳቤ ከዚህ ጋር ተያይዟል። ከታች ብቻዋን የቆመች አንዲት ቃል አለች። ችላ ብለሽ እንዳታልፊያት፤ አራት ጊዜ አጥፍተን አምስት ጊዜ ጽፈናታል።

ከከሚሴ፣
መሐላዋን የበላችው ረቢአሽ