ዘጠነኛው ገዳም

ውድ እህቴ ካምፓን፣

እንዴት ነሽልኝ እታለም? ጤናሽስ? ያ ዝናብ ሲመጣ የሚነሣብሽ ወገብሽስ? የሆቴሉ ወጥ ቤት እሳት አላከሳሽም? ባልሽ ፒቻይስ፣ አሁንም ዓሣ ልያዝ ብሎ ወጥቶ ጉንፋን ይዞ ነው የሚመለሰው? ልጅሽ ፕሎይስ? ቁመቷ ካንቺ በልጧል አሉኝ፤ አፏ ከኔ እንዳይበልጥ ብቻ ጠብቂያት። እኛ እንዳለን አለን። ጣሪያው ያፈሳል፣ ውሻው ያረጃል፣ ባሌ ኢንሶን ያንኮራፋል፣ እኔ አወራለሁ፤ ሁሉም በየቦታው ነው። የሎንጋን ዛፎቻችን ዘንድሮ ቅርንጫፋቸው እስኪሰበር አፍርተው ነበር፤ ከጓሮ በኩል ያለውን፣ ያንቺን ዛፍ ፍሬ፣ ስምሽን እየጠራን በላንልሽ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትዪ አውቃለሁ። በስልክማ አንቺ ‹‹ቆይ ድስቱ ገነፈለ›› ትያለሽ፣ ኢንሶን ከጀርባዬ ‹‹አሳጥሪው እንጂ›› ይላል፣ እማዬ ደግሞ ጆሮዋን ጥላ ትሰማለች። ወረቀት ላይ ግን የሚያቋርጠኝ የለም። ዛሬ ደግሞ እንዳልቋረጥ የምፈልገው ሁለት ነገር አለኝ፤ አንዱ የሚያስፈነድቅ ነው፣ ሌላው እማዬ ለካምፓን እንዳትነግሪ ያለችኝ ነው። ከሚያስፈነድቀው ልጀምር፤ ሆዴ ውስጥ አላስቀምጥ ብሎኛል።

ልንሄድ ነው! እማዬን ይዘን በኢንሶን ፒክ አፕ የተራራውን መንገድ ልንዞር ነው። ከደጃችን ተነሥተን፣ በሆት ከተማ በኩል በጥዱ ደን አድርገን፣ ሜ ሳሪያንግ፣ ኩን ዩዋም፣ ሜ ሆንግ ሶን፣ ፓይ፣ ከዚያ በሌላው በኩል ወርደን ቤታችን። ኩርባውን ቆጥረው ሺህ ስምንት መቶ ምናምን ነው የሚሉትን ያን መንገድ! ከሁሉ በላይ ደግሞ ሜ ኡኮ፣ የአበባው ተራራ፤ ያ አባታችን በየዓመቱ ‹‹ዘንድሮ እወስድሻለሁ›› እያለ እማዬን ሳይወስዳት የቀረው። ታስታውሻለሽ፣ አበባው የሚፈነዳው ሩዙ በሚታጨድበት ወቅት ነው። አጨዳው ሲያልቅ የነጭ ሽንኩርቱ ተከላ ይመጣል፤ ተከላው ሲያልቅ አበባው ረግፏል። እንዲያ ሲሉ ኖሩ። አሁን መሬቱን አከራይተናል፤ የሚታጨድም የሚተከልም የለብንም።

አንቺ ግን ልትጠይቂን ስለመምጣት ባለፈው መልእክትሽ ምን አልሽ? ‹‹የሚያዝያውን የአዲስ ዓመት በዓል ፈቃድ ልጠይቅ ነው፤ በኅዳር እንዳትሉኝ፣ በኅዳር ማን በጎርፍ ውስጥ ይሽከረከራል!›› አይ ካምፓን! ደቡብ አግብተሽ ሰማዩንም እዚያው አገባሽው። ጎርፉ እኮ የናንተ ነው። እናንተ ጋ ኅዳር ማለት አልጋ ላይ ቆሞ ጫማ ከውኃ መልቀም ነው፤ እኛ ጋ ደግሞ ዝናቡ ሄዶ፣ አቧራው ገና ሳይመጣ፣ ሰማዩ እንደታጠበ ሳህን የሚሆንበት ነው። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ሸለቆው ውስጥ ይተኛል፤ ተራሮቹ ከላዩ ጫፍ ጫፋቸውን ብቻ አውጥተው ይቀመጣሉ። ሚያዝያማ! ረስተሽው ነው እንጂ የጭስ ወር አይደለም ወይ? ጫካው ይቃጠላል፣ የበቆሎው አገዳ ይቃጠላል፣ ፀሐይዋ እንደበሰለ እንቁላል አስኳል ተንጠልጥላ ትውላለች። ባለፈው ሚያዝያ ኢንሶን ከደጃችን ቆሞ ‹‹ተራራውን ሰረቁት›› ብሎ ጮኸ። በሚያዝያ ብትመጪ የማሳይሽ ይኸንኑ የተሰረቀ ተራራ ነው።

አሁን ሁለተኛው ነገር። እታለም፣ እማዬ ዓይኗን ታማለች። አያስደንግጥሽ፣ አልታወረችም፤ መርፌ ውስጥ ክር ታስገባለች። ግን ከጎን ከጎኗ ያለውን አታይም። በር ስትወጣ ውሻውን ትረግጠዋለች፤ ረግጣው ደግሞ እሱኑ ትሰድበዋለች። ሐኪም ቤት ወሰድናት፤ ግላኮማ ነው አሉን። የጠፋው አይመለስም፣ ያለውን ጠብታው ይጠብቅላታል፣ እስከ መቼ እንደሆነ ግን አናውቅም አሉን። ቤት ስንመለስ ለኢንሶን ምን አለችው? ‹‹በቀርከሃ ቀዳዳ እንደማየት ነው። መሃሉ አለ፣ ዳር ዳሩ የለም።›› ይህንን ብላ ሩዟን ልታጥብ ሄደች። ለዚህ ነው ኅዳር ኅዳር የምልሽ። አበባው የሚቆየው ጥቂት ሳምንት ነው፤ የዘንድሮው ካመለጠን ሌላ ዓመት ሙሉ ልንጠብቅ ነው፤ ያኔ የቀርከሃው ቀዳዳ ምን ያህል እንደሚሆን ማን ያውቃል?

እማዬ ደግሞ እንዲህ በቀላሉ የምትነሣ መስሎሻል? ገና ‹‹ሽርሽር እንሂድ›› ከማለቴ ፊቷ ተለወጠ። እኔ ሽርሽር የምለውን እሷ ዙረት ነው የምትለው። ‹‹ጎረቤታችን ቲፕ ‘ወዴት ነው?’ ስትለኝ ምን ልላት ነው? ዕድሜዬን ሙሉ ‘ገዳም’ ወይ ‘ገበያ’ ስላት ኖሬ አሁን ‘አበባ ለማየት ነው’ ልበላት? አሮጊቷ ዙረት ጀመረች ትበለኝ?›› አለች። ደግሞ ‹‹በዚያ መንገድ ላይ አንጀቴን አውጥቼ ልጣለው?›› አለች። ገና ሙሽራ ሆና ወደ ሜ ሳሪያንግ ሲወስዷት በጆንያ ላይ ተቀምጣ ስታስመልስ የሄደችበትን አልረሳችውም። እኔም ተናድጄ ‹‹እንግዲያው ሥዕሉን እያየሽ ኑሪ!›› አልኳት። ሥዕሉን ታውቂዋለሽ፤ ሩዝ ነጋዴው የሰጠን የቀን መቁጠሪያ የኅዳር ገጽ፣ የሜ ኡኮ ተራራ ያለበት፣ አልጋዋ ራስጌ የለጠፈችው። ዓመቱ አልቆ ሌላ ዓመት፣ ሌላም ዓመት ሄደ፤ እሷ ጋ ግን ሁልጊዜ ኅዳር ነው። ‹‹ለሥዕሉ ብዬ አይደለም፣ የግድግዳውን ቀዳዳ ልሸፍን ነው›› ትላለች።

ያኔ ኢንሶን፣ ያ ቀኑን ሙሉ ሦስት ቃል የማይናገረው ኢንሶን፣ አንድ ነገር አመጣ። ‹‹ሽርሽር አትበያት። ለበረከት ዘጠኝ ገዳም ልንሳለም ነው በያት›› አለኝ። ካምፓን፣ ሰው ባሌን ዝም ብሎ በሬ ይመስለዋል! ዘጠኝ ገዳም ስላት እማዬ ወዲያው ‹‹ነጭ ቀሚሴ ታጥቧል?›› አለች። ስለ ጆንያውም፣ ስለ አንጀቷም፣ ስለ ቲፕም አንድ ቃል አልወጣትም። በማግስቱ ቲፕ በአጥር ላይ ‹‹ወዴት ነው ዝግጅቱ?›› ስትላት ‹‹ዘጠኝ ገዳም ልሳለም ነው፤ አንቺም ኃጢአትሽ ከከበደሽ ስጪኝና አብሬ ላድርስልሽ›› አለቻት።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን የመኪና መናኸሪያ መሰለልሽ። እኔ በፓይ በኩል እንጀምር አልኩ፤ እዚያ ሞቅ ያለ ገበያ አለ፣ ፍልውኃ አለ። ኢንሶን የለም አለ፤ የፓይ ኩርባ ክፉ ነው፣ መጀመሪያ በሆት በኩል ለስለስ ባለው እንጀምርና የእማማ ሆድ መንገዱን ይልመደው፣ ደግሞም ቶሎ አበባው ጋ እንድረስ እንጂ ደክማ አትድረስ አለ። ልክ ነው፤ ግን ልክ ነህ አላልኩትም። የጥዱ ደን ጋ ወርደን ምሳ እንበላለን፤ የሚጣበቀውን ሩዝ፣ የተጠበሰ አረንጓዴ ቃሪያ ድልሁን፣ የአሳማ ቆዳ ጥብሱን እኔ እይዛለሁ። ከሜ ሳሪያንግ በኋላ መንገዱ ወንዙን ይዞ ይሄዳል፤ አንቺ በግራ በኩል መስኮት አጠገብ፣ እማዬ ፊት ለፊት ከኢንሶን ጎን፤ ማቅለሽለሽ የሚያስታግሰውን ማሽተቻዋን አፍንጫዋ ውስጥ ሰክታ፣ በጨው የደረቀ ፕሪሟን ጉንጯ ውስጥ አድርጋ። ሜ ሆንግ ሶን ኩሬው ዳር እናድራለን፤ ጠዋት ጉሙ ከውኃው ላይ ሲነሣ መንታዎቹ ገዳማት ቀስ ብለው ይወጣሉ፤ አንቺም ታለቅሻለሽ፣ አውቅሻለሁ። ኢንሶን ጎማውን ለውጧል፣ ፍሬኑን አስፈትሿል፤ እኔ ደግሞ አዲስ ባርኔጣ ገዝቻለሁ። ባርኔጣው ለመንገዱ ምን እንደሚጠቅም ቢጠይቀኝ ራሴ ላይ ደፍቼው ወጣሁ።

እሑድ ዕለት ምሳ ላይ ነው ጉዱ የመጣው። እማዬ ገዳማቱን በጣቷ መቁጠር ጀመረች። ቾም ቶንግ አንድ፤ ሜ ሳሪያንግ ያሉት ሁለቱ ሦስት አደረሷት፤ የኩን ዩዋሙ አራት፤ መንታዎቹና የተራራው ገዳም ሰባት፤ የፓዩ ነጩ ቡድሃ ስምንት። ‹‹ዘጠነኛውስ?›› አለች። ኢንሶን ሩዙን አፉ ውስጥ እንዳደረገ ‹‹ሜ ኡኮ›› አለ። ‹‹እሰይ›› አለች እማዬ። ‹‹አበምኔቱ ማን ይባላሉ? ባዶ እጄን አልሄድም፣ ቢጫውን የመነኩሴ ልብስ ልያዝላቸው።›› ኢንሶን እኔን አየኝ፤ እኔ ድልሁን አየሁ። ‹‹አዲስ ናቸው እማማ፣ ስማቸውን አላጣራሁም›› አለ። ‹‹የድሮውስ?›› አለች። ‹‹የድሮው... ሄደዋል›› አለ። ‹‹ወዴት?›› አለች። ምስኪኑ ላቡ በግንባሩ ወረደ፤ እኔ ሳቄን ለመያዝ ከንፈሬን ነክሼ ቃሪያው ዓይኔን አስለቀሰው።

እማዬ እጇን ታጠበች፣ በቀሚሷ ጠረገች፣ እንዲህም አለች፤ ‹‹ኢንሶን፣ ያን ሥዕል ስንት ዓመት ሳየው ኖርኩ። ቢጫ ነው፣ ከላዩ ቢጫ ነው፣ ከዚያ ሰማይ ነው። እንኳን ገዳም የዶሮ ቤት የለበትም።›› አለቀ፣ ቀረ ብዬ ነበር ካምፓን። እሷ ግን ጎንበስ አለችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ቲፕ ከአጥሩ ወዲያ የቆመች ይመስል፣ ‹‹ለሷ ግን ዘጠኝ በሏት›› አለች።

ጮኼ ተነሥቼ ሳምኳት! እሷ ግን ገፍታኝ ቀጠለች። ‹‹ካምፓን ከሌለች ግን አልሄድም። እናንተማ ‘ቢጫ ነው’ ብላችሁ አፋችሁን ትዘጋላችሁ። እሷ ናት ነገርን እስከ ዳር የምትነግረኝ። መሃሉን እኔ አየዋለሁ፣ ዳር ዳሩን እሷ ትነግረኛለች።›› ልክ ናት እኮ። ልጅ ሆነሽ ከገበያ ስትመጪ የአንዷን ዶሮ ዋጋ ለመናገር የመንደሩን ሁሉ ልብስ ቀለም ትቆጥሪ አልነበረም? እኔ እዚህ ነገር እያስረዘምኩ የምኖረው ያንቺን ወንበር ለመሙላት ነው፤ ለካ አልሞላሁትም።

ከሰዓት በኋላ ሥዕሉን ከግድግዳ አወረደችው። ‹‹መንገድ ላይ እንዳንሳሳት፣ ከእውነተኛው ጋር አስተያየዋለሁ›› ብላ ነጭ ቀሚሷ ውስጥ አጣጥፋ አስቀመጠችው። እኔ ቀዳዳውን ልደፍን ጭቃ አቡክቼ መጣሁ። ካምፓን፣ ቀዳዳ የለም! ግድግዳው ከሌላው ይልቅ ነጭና ለስላሳ ነው። ጭቃዬን ይዤ ተመለስኩ።

እንግዲህ ነገሩ አንቺ ላይ ወድቋል። ዛሬውኑ አለቃሽን ጠይቂ። በሚያዝያ በዓል ሆቴላችሁ በእንግዳ ይሞላል፣ ዋና ወጥ ሠሪዋን መልቀቅ ይጨንቀዋል፤ በኅዳር ግን ዝናቡ ሰዉን ቤቱ ይዘጋባችኋል፣ በደስታ ነው የሚሸኝሽ። የኅዳሩን አጋማሽ ለምኚልን። አውሮፕላኑ ጠዋት ተነሥቶ ለምሳ ያደርስሻል፤ ከአባታችን ኀዘን ወዲህ ያልረገጥሽው ደጅ ያንቺን እግር ይጠብቃል። ደግሞ ሹራብ ያዢ። ሹራብ ምን እንደሆነ ከረሳሽው ጠዋት ጠዋት የሚያጨስ አፍሽ ያስታውስሻል። የናንተን ጎምዛዛ የዓሣ ወጥ ቅመም አንድ ቋጠሮ አትርሺ፤ ኢንሶን በሕልሙ ይበላዋል።

ፒቻይን በደንብ ሰላም በይልኝ፤ ዓሣውን ለጊዜው ይተወውና ሚስቱን ይላክልን። ፕሎይን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ትምህርቷ ከፈቀደ ከኋላ ወንበር ላይ ቦታ አላት። የባልሽን እናት ከጉልበታቸው ዝቅ ብለሽ እጅ ንሺልኝ። ኢንሶን ሰላም ብሎሻል፤ ‹‹ጎማው አዲስ ነው በያት›› ነው ያለው፣ ከሱ ይኼ ፍቅር ነው። ቲፕም ሰላም ብላሻለች፤ እሷን ስታገኚ ዘጠኝ ነው፣ እንዳትሳሳቺ።

እማዬ ስጽፍ አጠገቤ መጥታ ቆማለች። ስለ ዓይኗ እንደነገርኩሽ ሳታውቅ አትቀርም፤ አልተቆጣችኝም። ‹‹ጻፊላት›› አለችኝ፣ ‹‹ስትመጪ ቢጫ ልብስ እንዳትለብሺ በያት። ቀይ ትልበስ። አበባው መሃል እንዳላጣት።››

እህትሽ ሴንግዳ

ሳንፓቶንግ፣ መስከረም 12 ቀን፣ ዝናቡ ያባራ ዕለት