ከባሕር የወጣሁበት ጸደይ

እሑድ፣ ማርች 2

ለጎረቤቴ ለኮንሴፕታ ዳሌ የቀዶ ሕክምና ቀን ተቆረጠለት። ሜይ አጋማሽ ላይ አሮጌውን አውጥተው ብረት ሊያስገቡላት ነው። ከቅዳሴ መልስ አጥሩ ላይ ተደግፋ አንድም ሳታስቀር ነገረችኝ። እሷን ያሳሰባት ግን ዳሌው አይደለም። አውስትራሊያ ያለችው ልጇ መንታ አርግዛለች። "አንድ ቢሆን በአንድ እግሬም አሳድገው ነበር" አለች። ባሏ ደግሞ የመኪናውን በር ሳይዘጋ አድሮ፣ ጠዋት ሁለት ዶሮዎች የኋላው ወንበር ላይ እንቁላል ጥለው ተገኙ። "ያቺ መኪና ከተገዛች ጀምሮ ያስገኘችው ጥቅም ይሄ ነው።" ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

ከሰዓት ከኢታ ጋር ጠለቅን። ከወደቡ መሰላል፣ እንደ ወትሮው። አሥራ ስድስት ሜትር፣ ሠላሳ ሁለት ደቂቃ፣ ውሃው ስምንት ዲግሪ። አብረን መጥለቅ ከጀመርን አሥራ አንድ ዓመት... ከፖስታ ቤት ጡረታ ከወጣች ወዲህማ እሑድ ብቻ አልበቃት ብሏል። ትልቁ ሎብስተር መቆንጠጫውን አስቀድሞ ከጉድጓዱ ብቅ ሲል አየን። ኢታ እጇን አውለበለበችለት። መንገድ ላይ ሰላም ሳትል የምታልፈው ሰው የለም፣ እታችም ያው ናት።

መጨረሻ ላይ ትንሽ አሳለኝ። ጨው ውሃ ውጬ መሆን አለበት።

ረቡዕ፣ ማርች 5

ዐመድ ረቡዕ፣ የጾሙ መግቢያ። ቄሱ ግንባሬ ላይ የቀባኝን ዐመድ ይዤ ለተማሪዎቹ ምሳ አደልኩ። አንዱ "ዴልያ፣ ፊትሽን አልታጠብሽም" አለኝ።

ለጾሙ ስኳር ትቻለሁ። ፊንባርን "አንተስ ምን ተውክ?" ብለው "ማማረር" አለኝ። የኔ ባል! እስከ ምሳ እንኳ አልዘለቀለት።

ማልኪ የጠላቂዎች ክበባችንን ቅጽ አመጣ። እሱ ሳይፈርም ማንም ውሃ አይገባም። በየዓመቱ ያው ጥያቄ፦ ልብ፣ ጆሮ፣ ስኳር... ዘጠነኛው፦ "ውሃ ውስጥ ሳሉ ትንፋሽ አጥሮዎት ያውቃል?" ይላል። "የለም" ላይ ምልክት አደረግሁ። ጠብታ ውሃ መዋጥ ትንፋሽ ማጠር ነው እንዴ? አይደለም።

እሑድ፣ ማርች 9

እንደገና ሳል። ዛሬ ጠንከር አለ። ደረቴ ውስጥ የሚንተከተክ ነገር ሰማሁ... ሊፈላ የደረሰ ውሃ ዓይነት። ቀድሜ ልውጣ አልኩ፣ ለኢታ በአውራ ጣቴ ምልክት ሰጠኋት።

ላይ ስንደርስ "የልብሱ አንገት አነቀኝ" አልኳት። ውሃ እንዳይገባ አንገታችን ላይ የሚጠብቅ ጎማ አለ፣ ሁልጊዜም ሲያስመርረኝ ነው የኖረው።

"ጎማው መች ጠበበ፣ አንገትሽ ነው የወፈረው" አለች ኢታ።

"ስኳር ትቼ!"

"ኬኩንስ?"

ስለ ኬክ ማንም የተናገረ የለም።

ሰኞ፣ ማርች 10

የአንገቱን ጎማ በወጥ ቤት መቀስ ዙሪያውን ቆረጥኩት። አንድ ጣት የሚያህል። ሁሉም ሰው ይቆርጠዋል፣ እኔ የመጀመሪያዋ አይደለሁም። ፊንባር አይቶ "ዶሮ የምንገነጥልበት መቀስ አይደለም እንዴ?" አለኝ። ታጥቧል አልኩት።

እሑድ፣ ማርች 16

ለማንም አልነገርኩም፣ እዚህ ግን ልጻፈው።

አብዝቼ ቆርጬዋለሁ። ገና ስገባ ውሃው በአንገቴ ገብቶ እስከ ወገቤ ወረደ። ብርዱ አጥንቴን ያዘው። መመለስ ነበረብኝ፣ አልተመለስኩም። አሥራ አራት ሜትር ላይ አየሩ አልበቃ አለኝ። መለኪያውን አየሁ፣ የአየር ሲሊንደሬ ገና ግማሽ ላይ ነው። አየሩ ይመጣል፣ ወደ አፌም ይገባል... ግን እኔ ጋ አይደርስም። ኢታን በክንዷ ያዝኳት። ዓይኔን አይታ ወዲያው ወደ ላይ ጠቆመች። ግን ደማችን ውስጥ የገባው ጋዝ እንዲወጣ አምስት ሜትር ላይ ለሦስት ደቂቃ መቆም አለብን። ሦስት ደቂቃ! ክንዴን ይዛ በጣቷ ቆጠረችልኝ።

መሰላሉ ላይ እግሬ አልነሳ አለኝ። እንደ ሁልጊዜው የወደቡ ግንብ ላይ ቆሞ ሰዓታችንን የሚጽፈው ፊንባር ጎትቶ አወጣኝ። ዞር ብዬ መሐረብ ላይ ሳልኩ። ሮዝ አረፋ። ደም የነካው...

እጅጌዬ ውስጥ ደበቅሁት።

"ምን ሆነሽ ነው?" ኢታ።

"አንገቱን አብዝቼ ቆርጬው ውሃ ገባብኝ።" ውሸት አይደለም። ሙሉ እውነትም አይደለም።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ለቀቀኝ። ቤት ገብቼ ድንች ላጥኩ፣ በግ ጠበስኩ፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው። ለምን ደበቅሁት? ብናገር ማልኪ ስሜን ከመዝገቡ ይሰርዘዋል። ኢታ ከሌላ ሰው ጋር አትጠልቅም፣ እኔ ከቀረሁ እሷም ቀረች ማለት ነው። እኔስ? ሰኞ እስከ ዓርብ ሾርባ የምጨልፍ ሴት ነኝ። እሑድ ብቻ ነው ሌላ ነገር የምሆነው።

ሰኞ፣ ማርች 17

የቅዱስ ፓትሪክ በዓል ሰልፍ። ዝናብ። ኮንሴፕታ በዳሌዋ ምክንያት ትራክተር ላይ ተቀምጣ አለፈች፣ እንደ ንግሥት እጇን እያወዛወዘች። ባሏ ከኋላ በእግሩ።

ረቡዕ፣ ማርች 19

መሐረቡን ሦስት ጊዜ አጠብኩት። አልለቀቀም። እሳት ውስጥ ከተትኩት።

አዲስ የአንገት ጎማ በፖስታ መጣልኝ። ማልኪ ራሱ ለጠፈልኝ። "ሁለተኛ መቀስ እንዳትነኪ፣ ሴትዮ" አለኝ። ስለ ትንፋሼ ሊጠይቀኝ ነው ብዬ ስፈራ ስለ ሙጫው ብቻ አወራ።

ቅዳሜ፣ ማርች 22

ኢታ መጣች። ነገ ስልሳ አራት ዓመት ይሞላታል። ለልደቷ ከወደቡ ማዶ ያለውን የድንጋይ ስንጥቅ ልታሳየኝ ትፈልጋለች፣ ሃያ አምስት ሜትር። "እኔና አንቺ ብቻ። የሚንጫጫ ሰው አልፈልግም" አለች፤ ውሃ ውስጥ ማን እንደሚንጫጫ እንጃ። አይ ማለት አቃተኝ። እሺ አልኳት። ኬክም አዝዣለሁ።

ሃያ አምስት ሜትር...

እሑድ፣ ማርች 23

አልገባሁም።

ሁሉን ለብሰን መሰላሉ ጫፍ ላይ ቆመናል። ከመግባታችን በፊት አንዷ የሌላዋን ዕቃ በእጇ እየነካች መመርመር ደንባችን ነው። ቀበቶ፣ አየር፣ መተንፈሻ። መጨረሻ ላይ "ራስሽስ?" ብሎ መጠየቅ አለ። አሥራ አንድ ዓመት "ደህና" ስል ኖሬያለሁ፣ ሳላስበው። ዛሬም አፌን ከፈትኩ...

"ደህና አይደለሁም" አልኩ።

ከዚያ አላቆምኩም። ሳሉን፣ መንተክተኩን፣ መሐረቡን፣ ቅጹን፣ ሁሉንም። ኢታ መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች። የምትስቅ መስሎኝ ነበር።

"ባለፈው እሑድ ታውቂ ነበር?"

"ጠርጥሬ ነበር።"

"ዛሬ ሃያ አምስት ሜትር ይዘሽኝ ልትወርጂ ነበር?"

"ለልደትሽ ብዬ..."

"ለልደቴ! እታች ብትዝለፈለፊብኝ ትቼሽ የምወጣ ይመስልሻል? ንገሪኝ! የምወጣ ይመስልሻል?"

አይመስለኝም። አትወጣም። ይህን እያወቅሁ ነው ዝም ያልኩት... ይሄን ስጽፈው በራሴ አፈርኩ።

ሲሊንደሯን አውርዳ ሄዳ መኪናችን ውስጥ ተቀመጠች። ፊንባር ሁሉንም ሰምቷል። ዕቃዬን አንድ በአንድ ፈታልኝ።

ኬኩን ማንም አልነካውም።

ማክሰኞ፣ ማርች 25

ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ኢታ፣ የመኪና ቁልፏን ይዛ። "ውጪ። ሐኪም ጋ ነው።" መንገዱን ሙሉ ያናገረችው መንገድ የዘጋባትን በግ ብቻ ነው።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፣ ግን ቶሎ ገባት። የደም ግፊቴን ሁለት ጊዜ ለካች። መቶ ሰባ ስምንት በመቶ አራት።

"ራስ ምታት አለዎት?"

"እኔ? የለኝም። ጎረቤቴ ናት እንጂ የሚያማት።"

"ስለ ጎረቤትዎ አይደለም የጠየቅኩዎት።"

ጨው ውሃ አልዋጡም አለችኝ። ብርዱ ደሙን ከእጅ ከእግር ወደ ደረት ይገፋዋል፣ ግፊት ያለበት ልብ አይችለውም፣ ከራሴው ደም ውስጥ ያለው ውሃ ወደ ሳንባዬ ይንጠባጠባል። የአንገቱ ጎማ ምንም አላደረገም። እንዲያውም ቆርጬ ብርዱን አስገብቼ አባስኩት። ለልብ ምርመራ ትልቁ ሆስፒታል ላከችኝ።

ስንመለስ ኢታ ነዳጅ ማደያው ጋ ቆመች። ሁለት አይስክሬም ገዝታ መጣች። "ስኳር ትቻለሁ" አልኳት። "ብዪ" አለችኝ። በላሁ።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 3

ከሆስፒታል ተመለስኩ። ልቤ በኪኒን ይስተካከላል። መራመድ፣ መደነስ፣ በግ ማሳደድ፣ ሁሉ ይቻላል። ቀዝቃዛ ውሃ ግን ከእንግዲህ አይቻልም። አንድ ጊዜ የመጣ ተመልሶ ይመጣል ብለውኛል። "ትንሽ ብቻ ብገባስ? አምስት ሜትር?" ብዬ ጠየቅሁ። ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠና "አይቻልም፣ እመቤቴ" አለኝ። እስክሪብቶውን ባያስቀምጠው ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 5

ማልኪ መጣ። ቅጹ ላይ የዘጠነኛውን ጥያቄ መልስ በፊቱ ሰርዤ "አዎ" አልኩት። ይቆጣል ብዬ ጠብቄ ነበር። ሁለት ኩባያ ሻይ ጠጣ፣ ሦስት ቁራጭ ዳቦ በቅቤ በላ። "ግንቡ ላይ ሰው ያስፈልገናል" አለ ሲወጣ።

"የአሮጊቶች ሥራ" አልኩት።

"ፊንባር አሮጊት ነው?"

ፊንባር ከወጥ ቤት "ሰምቻለሁ!" አለ።

እሑድ፣ ኤፕሪል 13

አልሄድኩም። ድንች ተከልኩ።

እሑድ፣ ኤፕሪል 20

ፋሲካ። ሻዬን በሁለት ማንኪያ ስኳር ጠጣሁ፣ ሳይጥመኝ ቀረ! የኮንሴፕታ ልጅ ያረገዘቻቸው መንታዎች አንድ ወንድ አንድ ሴት መሆናቸው ታወቀ።

ኢታ ከልደቷ ወዲህ ውሃ አልነካችም። ፊንባር ነው የነገረኝ። ቤቷ ሄድኩ።

"ከማልኪ ጋር ለምን አትገቢም?"

"ማልኪ ይሮጣል። ሃያ ቤት ደብዳቤ አድርሶ ምሳ እንደሚሄድ ሰው ነው። አንዱንም በደንብ አያየው።"

"ያዢው ታዲያ። የመዋኛ ክንፍ ጫማውን ያዢው። እኔ ላይ ሆኜ ሰዓትሽን እጽፋለሁ።"

"አንቺ? ዝም ብለሽ ቆመሽ? ለሠላሳ አምስት ደቂቃ?"

"ማን ዝም እላለሁ አለ? ውሻ ይዞ የሚያልፍ ሰው ሞልቷል።"

አየችኝ። "ካልሽ ምን ይደረጋል" አለች። ከሷ አፍ እሺ ማለት ነው።

እሑድ፣ ሜይ 4

ኢታ ከማልኪ ጋር ገባች። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአሥር። መውጫቸው ስምንት ከአርባ አምስት። ከዚያ አሥር ደቂቃ ካለፈ ለነፍስ አድን እደውላለሁ፣ ደንቡ ይሄ ነው። ፊንባርን ቤት ቆይ አልኩት፣ ብቻዬን ልሞክረው ብዬ። የክበቡ መዝገብ፣ ስልክ፣ በፔርሙስ ሻይ። በጀልባ ማውረጃው አናት ላይ ተቀመጥኩ። ቀላል ነው።

የሐኪም ቤቱ ጸሐፊ መጣች፣ የልጇን ሠርግ አወራን። ወንድማማቾቹ አጥማጆች መጡ፣ ዓሣ ጠፋ አሉ። ስምንት ከሠላሳ አምስት። የትንፋሻቸውን አረፋ ፈለግሁ። ነፋስ ተነስቶ ውሃው ተሸብሽቧል፣ አይለይም።

አርባ አምስት። የለም።

አርባ ሰባት። የለም።

አርባ ዘጠኝ። አንዲት ውሻ የያዘች ሴት "የኮንሴፕታ ዳሌ እንዴት ሆነ?" ብላ ጠየቀችኝ። አልመለስኩላትም። እኔ! ውሻው ጭምር ዞሮ አየኝ።

ሃምሳ አንድ። አረፋ። ከዚያ ሁለት ራስ።

ኢታ መተንፈሻውን ከአፏ አውጥታ ጮኸች። "ዴልያ! ጫማሽ!"

ወደ ታች አየሁ። በጀልባ ማውረጃው ወርጄ እስከ ጉልበቴ ውሃ ውስጥ ቆሜያለሁ። በቅዳሴ ጫማዬ። መዝገቡን በአንድ እጅ፣ ስልኩን በሌላው። መቼ እንደገባሁ አላውቅም።

"ኦክቶፐስ ነበር!" አለች ኢታ፣ ገና ሳትወጣ። "ማልኪን እግሩን ይዤ አስቀረሁት። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር አየ!"

"ስድስት ደቂቃ" አልኩ።

"ስድስት ደቂቃ ምን አላት?"

"ጽፌያታለሁ።"

አየችኝ፣ ጫማዬንም አየች። ማልኪ ይቅርታ ጠየቀኝ።

ማታ ኮንሴፕታ ለኢታ ኬክ ይዛ መጣች፣ ለዘገየው ልደት። ኢታም መጣች። ስለ ኦክቶፐሱ ሦስት ጊዜ ነገረችን፣ በየጊዜው እያደገ። ኮንሴፕታ "እንዲህ ከሆነ ዳሌዬ ሲድን እኔም እገባለሁ" ብላ ሁላችንንም አሳቀችን። ሄዱ።

ፊንባር ምድጃው አጠገብ የተዘረጉትን ጫማዎች አየ።

"እስከ ምንሽ ድረስ ገባሽ?" አለኝ።

"እስከ ጉልበት።"

ኩባያውን አስቀመጠ። "እኔ እስከ ወገቤ ደርሻለሁ።"

"መቼ?"

"አንቺና ኢታ የዘገያችሁ ጊዜ፣ ገመድ ሳነሳ አዳለጠኝ ያልኩሽ ቀን።"

ያን ሳምንት ሙሉ ስቄበት ነበር። ለኮንሴፕታም ነግሬያታለሁ።