የቅዳሜው እርዳታና የታየች ስንቅ

ለማለዳ የማኅበረሰብ ኮሌጅ ዲን
ለክቡር አቶ እንዳላማው
ደብረ ማርቆስ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። የእርስዎ፣ የባለቤትዎና የልጆችዎ ጤና፣ የአዲሱ ቢሮዎ ምንጣፍ፣ በኮሌጁ በር ላይ «እኩልነትና ውጤታማነት ለሁሉም ተማሪ» ብሎ የተሰቀለው ያ ትልቅ ባነር ጭምር ደኅና ይሆኑ ዘንድ ምኞቴ ነው።

በዚህ መጽሔት ስለ ሰርግ፣ ስለ ማኅበርና ስለ ጎረቤት ወሬ የምጽፈው ደብሪቱ ነኝ። ዛሬ ግን ለወሬ አቅል አጣሁ፤ ቁጭ እላለሁ፣ መልሼ እነሣለሁ፣ በር ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ። ምክንያቱም ከጓሮዬ ካሉት ሁለት ክፍሎች አንዷን የተከራየችው የእርስዎ ተማሪ የታየች ጉዳይ ማክሰኞ በኮሚቴ ይታያል። ታየች የደረጃ ሦስት የቅየሳ ተማሪ ናት። ኮሚቴው ከሰረዛት ለምዘና አትቀርብም፣ ለምዘና ካልቀረበች ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ የተማረችው ትምህርት ያለ ወረቀት ይቀርና አገሯ ገብታ ማግባት ነው የሚጠብቃት። ጥፋቷም ኮሌጁ እሷን ለመርዳት ባዘጋጀው የማጠናከሪያ ትምህርት ላይ ሦስት ጊዜ አለመገኘቷ ነው። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

1. የገጠሩን ልጅ ከከተማው ልጅ እኩል ለማድረግ ይህን ፕሮግራም ስለከፈቱ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ከሳምንቱ ቀናት መካከል ቅዳሜን መምረጥዎ ደግሞ የትልቅ ጥናት ውጤት መሆን አለበት። የማያውቅ ካለ ለማስታወስ ያህል፣ ወላጆቹ ገጠር የሆኑ ተማሪ በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ባዶ አቁማዳውን አንጠልጥሎ ወደ አገሩ ይሄዳል፤ እሑድ ከሰዓት በሶውን፣ ዳቦ ቆሎውንና ሽሮውን ተሸክሞ ይመለሳል፤ ሰኞ ክፍል ይገባል። ካልሄደ ሰኞ የሚበላው የለውም። እናንተም ሦስት ቅዳሜ የቀረ ይሰረዛል የሚል ደንብ ስላወጣችሁ፣ በስድስት ሳምንት ውስጥ ፕሮግራሙ ከተዘጋጀላቸው ልጆች አንድም ሳይተርፍ ይጠረጋል ማለት ነው። እንዲህ በፍጥነት ሥራውን የጨረሰ ፕሮግራም በዞናችን መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ታየች ቀያሽ አይደለች እንዴ፤ ከሚኒባስ ከምትወርድበት ከአማኑኤል አስፋልት እስከ እናቷ ደጃፍ ያለውን መንገድ መምህሯ ባሳዩዋት የእርምጃ አለካክ ለክታዋለች። ስትሄድ አሥራ አንድ ሺህ አራት መቶ እርምጃ ነው። ስትመለስ ሸክሙ እርምጃዋን ስለሚያሳጥረው አሥራ አራት ሺህ ይደርሳል። በሪፖርታችሁ ላይ «በገጠርና በከተማ ተማሪዎች መካከል ያለው ክፍተት» የምትሉት ይህ ይሁን ሌላ፣ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።

2. ፕሮግራሙ ማንንም አልጠቀመም የሚሉ ምቀኞች አሉ፤ እኔ ግን ምስክር ነኝ፣ ጠቅሟል። የጎረቤቴ የአቶ ፈንታ ልጅ ሂዊ፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንደኛ ከመውጣት በቀር ሌላ አመል የሌላት ልጅ፣ አባቷ ቅዳሜ ቤት ከምትውይ ብለው ስለላኳት አንድም ቀን ሳትቀር ተምራለች። ለዚህም «ከችግር ወደ ስኬት» የሚል የምስክር ወረቀት ከእጅዎ ተቀብላለች። ያን ዕለት ወደ እኔ መጥታ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና የነገረችኝን ልንገርዎ። ከየትኛው ገጠር እንደመጣች የሚጠይቅ ቅጽ ሰጥተዋት የምትጽፈው ቢጠፋት ቀበሌ 05 ብላ ሞላችው። ማንም ምንም አላላትም። ይህችው ሂዊ እሑድ አመሻሽ ላይ ደብተሯን ይዛ እየመጣች የቅዳሜውን ትምህርት ለታየች ታስረዳታለች። ስለዚህ የኮሌጃችሁ የማጠናከሪያ ትምህርት በትክክል የሚሰጠው በእኔ በረንዳ ላይ ስለሆነ፣ ባነሩን አውርዳችሁ ብትልኩልኝ የምሰቅልበት ምስማር አለኝ።

3. የተማሪውን አስተያየት አትሰሙም የሚለውንም ሐሜት አልቀበልም። የገጠር ተማሪዎች ቀኑ ይቀየርልን ብለው ፈርመው ባመለከቱ ጊዜ ስብሰባ ጠርታችኋል። የስብሰባው ጥሪ ዓርብ ከሰዓት በሰሌዳ ተለጠፈ፤ ስብሰባው ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሆነ። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አመልካቾቹ የት እንደነበሩ ከላይ ተናግሬአለሁና አልደግመውም። የተገኙት አሥራ ዘጠኝ ተማሪዎች፣ ሂዊን ጨምሮ፣ ሁሉም የከተማ ልጆች ነበሩ። ቅዳሜ ይመቻችኋል ወይ ተብለው ተጠየቁ፤ ይመቸናል አሉ። ቃለ ጉባኤው «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ይላል፤ እኔም አንብቤዋለሁ፣ ጽሕፈቱ በጣም ያምራል።

4. በመጨረሻ እኔው ራሴ ባለፈው ረቡዕ ወደ ኮሌጁ መጥቼ የፕሮግራሙን አስተባባሪ አቶ አወቀን አነጋገርኳቸው። እግዜር ይስጣቸው፣ ወንበር ሰጥተው፣ ውኃ አስመጥተው፣ ጨዋ ሰው መሆናቸውን አሳይተውኛል። የታየችን ነገር ከሥር ከመሠረቱ አስረዳኋቸው። ስንቁን ለምን በሰው አታስልክም አሉኝ፤ የምትልከው ሰው ራሷ እንደሆነች፣ አባቷ እግራቸውን ታመው ከተኙ ዓመት እንዳለፋቸው ነገርኳቸው። እሑድ ሄዳ እሑድ አትመለስም ወይ አሉኝ፤ እርምጃውን ቆጠርኩላቸው። «እትዬ ደብሪቱ፣ እኛ በሩን ከፍተናል፤ መግባት የነሱ ፋንታ ነው» አሉኝ። ከዚያም ለዞኑ የሚላከውን ሪፖርት አዙረው አሳዩኝ። «የገጠር ተማሪዎች የፍላጎት ማነስ» የሚል ርእስ አየሁ። ከሥሩ በተዘረዘሩት ስሞች መካከል አራተኛዋ ታየች ናት። የምትፈልገውን ለማግኘት ሃያ አምስት ሺህ እርምጃ የምትሄድ ልጅ ፍላጎት ካነሳት፣ የእኔና የእርስዎ ምን ሊባል ነው እያልኩ ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍም ምግብም እምቢ ብሎኛል።

አምስተኛው ቅሬታ አይደለም፤ ትዝታ ነው። ከሃያ ዓመት በፊት፣ ነፍሷን ይማርና በእናቴ በእማማ ወለተ ኪዳን ግቢ ከደብረ ወርቅ ማዶ የመጣ አንድ የአሥረኛ ክፍል ልጅ ተከራይቶ ነበር። የሒሳብ ፈተና በድንገት ወደ ቅዳሜ ሲዛወር ልጁ ሳይሰማ ስንቅ ሊያመጣ ሄዶ ነበርና ቀሪ ተባለ፤ ዜሮ ሊሰጠው ሆነ። ሰኞ ጠዋት እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄደች። የሒሳብ አስተማሪው መምህር ሙላት በቁጣቸው የሚታወቁ ሰው ስለነበሩ ፈርታ በር ላይ ቆመች። እሳቸው ግን ነገሩን ሰምተው መዝገቡን ገለጡ፣ ከልጁ ስም አጠገብ የነበረውን ምልክት ሰረዙና፣ «ስንቅ ሊያመጣ የሄደ ልጅ ቀሪ አይባልም፤ መንገድ ላይ ነው ይባላል» አሏት። ልጁ ያንኑ ዕለት ብቻውን ተቀምጦ ተፈተነ፤ ከክፍሉም ሁለተኛ ወጣ። እናቴ ይህን ነገር እስክትሞት ድረስ የራሷ ልጅ የተመረቀ ያህል ታወራው ነበር።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ የምለምነው ብዙ አይደለም። ቅዳሜው ወደ ሐሙስ ከሰዓት ይዛወር፤ ሐሙስ ከሰዓት ክፍሎቹ ባዶ መሆናቸውን ከጥበቃዎቹ አጣርቻለሁ። ማክሰኞ ደግሞ ኮሚቴው የታየችን መዝገብ ሲገልጥ ከስሟ አጠገብ ያሉት ሦስት ምልክቶች «መንገድ ላይ ነበረች» ተብለው ይነበቡና ልጅቱ ለምዘናዋ ትቅረብ።

ለከተማችን ስላደረጉት፣ ለማድረግ ስላሰቡትና በቅዳሜ ምክንያት ስላልሆነው ሁሉ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እያመሰገንኩ፣ ዕድሜና ጤና፣ ሥልጣንና ማስተዋል አብዝቶ እንዲሰጥዎ የምመኝ፣ አክባሪዎ

ደብሪቱ

ግልባጭ፦
ለአቶ አወቀ፣ ስለ ውኃው ከምስጋና ጋር
ለአማኑኤል መስመር ሚኒባስ ተራ አስከባሪዎች፣ ቅዳሜ ማን እንደሚሳፈር ከኮሌጁ ይልቅ ስለሚያውቁ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ታየች ማክሰኞ ማስረጃ አምጪ ብትባል ስንቋን የምትሸከምበትን አቁማዳ ይዛ እንድትቀርብ ነግሬአታለሁ። የራሷ ስለተቀደደባት ባለፈው መስከረም ከእናቴ ግድግዳ ላይ አውርጄ የሰጠኋት አሮጌ አቁማዳ ነው። እናቴ ባለቤቱ አንድ ቀን መጥቶ ይወስደዋል እያለች ለማንም አልሰጥም ብላ ኖራ ነበር። የተከራዮቿ ስንቅ እንዳይቀያየር ሁሉም በጋለ ሚስማር ስማቸውን ይጽፉ ስለነበር ከአፉ በታች ጽሑፍ አለበት። የኮሚቴው አባላት ጮክ ብለው ሳያነቡት እርስዎ አስቀድመው ቢቀበሏት ሳይሻል አይቀርም፤ «እንዳላማው፣ 10ኛ ለ» ይላል።