አድራሻው ብቻ የደረሰን የወንድሜ ድምፅ

ለተከበሩ የመሥሪያ ቤቱ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎና ምንም ለማይነካው የሥራ ሰላምዎ ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። እኔ ተማሪ ነኝ፤ በእርስዎ ሥር ሲሠራ ቆይቶ ባለፈው ክረምት በመኪና አደጋ ያረፈው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ታናሽ ወንድም።

፩. የወንድሜን የግል ፋይሎች በፍላሽ ስለላኩልን ቤተሰቡ ያመሰግናል። እናቴ ከሁሉ የምትሻው በምሳ ሰዓት ቢሮው ውስጥ የቀዳውን ድምፁን ነበር፤ ለትንሿ እኅታችን ተረት ሲያነብ፣ መሃል ላይ ሳቁ እያመለጠው። ፍላሹን ስንከፍት ስሙም ምልክቱም አለ፤ ስንጫነው ግን «ፋይሉ አልተገኘም» ይለናል። እናቴ አጥብቃ ያልተጫነችው እየመሰላት ደጋግማ ትሞክራለች፤ እኔም አጠገቧ ቆሜ መቀመጥም መውጣትም ያቅተኛል።

፪. የላኩልን ከዴስክቶፑ ላይ የተገለበጡ አቋራጮችን፣ ማለትም ፋይሉን ሳይሆን የፋይሉን አድራሻ መሆኑን በትሕትና ባመለክት፣ ሁሉንም ተረክባችኋል ብለው ፊርማችንን አውጥተው አሳዩኝ። ለተራበ ሰው የምግብ ቤቱን አድራሻ ሰጥቶ «ጠግቤአለሁ» ብሎ እንዲፈርም ማድረግ ብርቅ ቸርነት ነው።

፫. አቋራጭ ግን ውስጡ ይነበባል። በትምህርት ቤት በተማርኩት መጠን ጥቂት መስመር ኮድ ጽፌ ዝርዝሩን ባወጣው፣ የኮምፒውተሩን ስም፣ ፎልደሩን፣ የፋይሉን መጠን ሳይቀር ነገረኝ። ያ ኮምፒውተር ከጠረጴዛዎ አጠገብ ያለው የጋራ ማከማቻ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት አሮጌ ነው ተብሎ ዲስኩ እንደሚጸዳ የነገሩኝ እርስዎ ራስዎ ስለሆኑ፣ ለግልጽነትዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

፬. በመጨረሻም ደንቡን አስረዱኝ፦ «የግል ፋይል የሚወጣው ባለቤቱ መታወቂያውን ይዞ በአካል ቀርቦ ሲፈርም ብቻ ነው።» ሞቷል ብልዎ፣ ደንቡ ስለ ሞት የሚለው ነገር የለም አሉኝ። አድራሻውን አንብቤ ጨርሻለሁ፤ የቀረኝ በሩ ነው፤ በሩም እርስዎ ነዎት።

ዲስኩ ሳይጸዳ ያቺን አንዲት ፋይል እንዲገለብጡልን እየለመንኩ፣ ለደንብዎም ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣

በአካል መቅረብ ያልተመቸው ባለጉዳይ ታናሽ ወንድም

ድኅረ ጽሑፍ፦ የሬሳ ሳጥኑን ከተሸከሙት አንዱ እርስዎ ስለነበሩ እናቴ እስከ ዛሬ ትመርቅዎታለች። ያን ዕለት ወንድሜን መታወቂያ አልጠየቁትም።